ሚስቴ ያዘገየችው መርዶ

ከሞጣ የወጣሁ ቀን ሚስቴ ይታይሽ አላለቀሰችም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ አገር ቤት ያላችሁ ሰዎች ኋላ የማወራውን ስትሰሙ ልበ ደንዳና ናት እንዳትሏት ነው። ልጃችንን አዝላ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ፣ ከጫኚዎቹ ጋር ተከራክራ ሻንጣዬን አሰቀለች፣ በመስኮት በኩል ዳቦ የቋጠረችበትን ፌስታል አቀበለችኝና «ቢቸና ስትደርስ እናትህ ቢቆጡህ ዝም ብለህ ስማቸው» አለችኝ። በቃ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ የራሷን እጅ አላነሳችም፤ የልጅቷን እጅ ይዛ አወዛወዘችልኝ።

እኔ ነርስ ነኝ፣ ሞጣ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ይታይሽ መምህርት ናት፣ ትምህርት ቤቷ ከተዘጋ ዓመት አልፎት ነበር። መንገዱ ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ ይዘጋል፣ ኔትወርክ መጣ ሲባል ይጠፋል፤ ይህን እናንተው ታውቁታላችሁ። ጀርመን አገር ነርስ ይፈልጋሉ የሚለውን ወሬ የሰማሁት እኔ ነኝ፤ ፎርሙን የሞላችው ግን እሷ ናት። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ጠበቀችኝና «እዚህ ላይ ፈርም» አለችኝ።

«ሳንማከር?» ብላት፣

«ስንማከር ሁለት ዓመት ሆነን» አለች።

የመጨረሻዋን ቀን ያሳለፍኩት ቢቸና እናቴ ቤት ነው። እናቴ ጥሩወርቅ ትባላለች። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበር፤ እኔ ገና ዳዴ ስል ስለሞተ ብቻዋን ነው ያሳደገችኝ። ቢቸና ውስጥ ስለ እሷ የሚነገር ጨዋታ አለ። አባቴ እንደሞተ ወንድሞቹ መሬቱን ሊከፋፈሉ መጡ፤ እሷ ልናገር ስትል አጎቴ ቄስ ሙሉ «ወንድ በችሎት፣ ሴት በማጀት» ብለው አስቀመጧት። እሷም ከማጀት ሆና «ችሎት የሚሄደውን ማን አብልቶ ይሰደዋል?» አለች አሉ። ያን ቀን ምሳው ሳይቀርብ ቀረ፣ መሬቱም ሳይከፈል ቀረ።

እንዲህ ያለች ሴት ናት እንግዲህ እራት አቅርባልኝ ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው።

«ማነው የላከህ?»

«ተማክረን ነው እማዬ።»

«ማነው የላከህ አልሁህ እኮ።»

«ይታይሽ ናት።»

«ሴት የላከው ጅብ አይፈራም» አለች። በምርቃት ድምፅ አይደለም ያለችው። ጠዋት ግን ደጃፍ ቆማ ግንባሬን ሳመችኝና «ሂድ። እኔ አልላክሁህም፣ አልከለከልሁህምም» አለችኝ። ከዚያ ዞራ ገባች። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ፤ እስከ ዛሬም በደንብ የተከፈተ አይመስለኝም።

የደረስኩባት ከተማ ትንሽ ናት። ብርዱ የጮቄ ተራራ ብርድ አይደለም፤ የጮቄ ብርድ ፊት ለፊት ይመጣል፣ የዚህኛው ከመሬት ተነስቶ በጫማ ሶል ይገባል። ዳቧቸው ጥቁር ነው፣ ይኮመጥጣል፤ መጀመሪያ ቀን ኮምጣጣነቱ እንጀራ አስታውሶኝ ደስ አለኝ፣ በሳምንቱ ግን ያው ዳቦ ሆነብኝ። ድንች ሞልቷል። የሮብ ገበያን ድንች ለምታውቁ፣ ያንኑ ድንች ታጥቦ፣ ተመዝኖ፣ በመረብ ከረጢት ታስሮ አስቡት። ሰው ደረጃ ላይ ሲተላለፍ «ሃሎ» ብሎ ያልፋል። እንዴት አደርክ፣ ከብቱ ደህና፣ ልጁ ደህና የለም። እኔም ወር ሳይሞላኝ «ሃሎ» ብዬ ማለፍ ለመድሁ።

በሁለተኛው ሳምንት የውጭ ዜጎች ቢሮ ተጠራሁ። አውስላንደርበሆርደ ይሉታል፤ ስሙን ለመጥራት የፈጀብኝን ጊዜ ያህል ወረፋ ጠበቅሁ። ጸሐፊዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ወረቀቴን አየችው።

«የሚስትዎ የቤተሰብ ስም ከእርስዎ ለምን ተለየ?»

«የአባቷ ስም ነው።»

«አግብታለች አይደል?»

«እኔን ነው ያገባችው።»

«ታዲያ ስሟን አልቀየረችም?»

«በእኛ አገር ሴት ስታገባ ስሟን አትቀይርም።»

«ተለያይታችኋል ማለት ነው?»

«አልተለያየንም። እሷ ናት የላከችኝ።»

ሴትየዋ ቀና ብላ አየችኝ። «እንግዲያው ስሙንም እሷ ብትሰጥዎት ይሻል ነበር» አለች፣ ሳትስቅ። ከዚያ በኮምፒውተሯ ላይ የሆነ ነገር ጻፈችና ሂድ አለችኝ። ምን እንደጻፈች እስከ ዛሬ አላውቅም።

የተሰጠኝ ጊዜ አንድ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት የቋንቋውንና የሙያውን ፈተና ካለፍሁ ነርስ እሆናለሁ፣ ይታይሽንና ልጄንም ማምጣት እችላለሁ። ከወደቅሁ እመለሳለሁ። ስለዚህ ጠዋት የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት በረዳትነት እሠራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ቋንቋ እማራለሁ፣ እሑድ እሑድ ኔትወርክ ካለ ቢቸናም ሞጣም እደውላለሁ። እናቴ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ስለምትይዝ እየጮኸች ነበር የምታወራኝ። «በላህ? በላህ ወይ?» ሌላ ጥያቄ አልነበራትም።

አንድ ቀን የቋንቋ መምህራችን ፍራው ክሩገ፣ ወይዘሮ ክሩገ እንደማለት ነው፣ «ቤት ውስጥ ስላለችው ሴት አገራችሁ ምን ይባላል? ለሰኞ አንድ አንድ አባባል ይዛችሁ ኑ» አለችን። ሰኞ ዕለት መጀመሪያ የተነሳችው ኤሚኔ የምትባል የቱርክ ሴት ናት። «ጎጆ የምትሠራው እንስቷ ወፍ ናት» አለችና በቋንቋዋም «ዩቫዪ ዲሺ ኩሽ ያፓር» ብላ ሁላችንንም አስደገመችን። ከዩክሬን የመጣችው ኦክሳና «ባል ራስ ነው፣ ሚስት አንገት ናት፤ ራስ የሚያየው አንገት ወደዞረበት ነው» አለች። አንድ የግብፅ ሰው «እናት ጎጆ ትሠራለች፣ አባት ይበትናል» አለና ተቀመጠ፤ ከሚስቱ የተፋታ ሰው ነበር። ፍራው ክሩገም የአገሯን ጨመረችልን፤ ቤቱን የምታዝ ሴት «ሱሪውን የለበሰችው እሷ ናት» ትባላለች አለችን። ሱሪ ለብሳ የማታውቀውን እናቴን አሰብሁ።

የእኔ ተራ ደረሰ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር፣ አፈርሁና ዋጥሁት። «ሴት የላከው ጅብ አይፈራም» አልሁ፣ በተሰባበረው ጀርመንኛዬ።

«አገራችሁ ጅብ አለ?» አለች ፍራው ክሩገ።

«ከቤታችን ጓሮ።»

ክፍሉ ሳቀ። ኦክሳና ብቻ አልሳቀችም። «የላከችውስ?» አለችኝ። «እሷ ጅብ አትፈራም?» ጥያቄው ሰዋስዉ ቀላል ነበር፣ ቃላቱን ሁሉ አውቃቸዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ባለው ወር የቢቸናው ስልክ ዝም አለ። ይታይሽ ከሌላ ስልክ ደውላ «እናትህ ጸበል ገብተዋል፣ እዚያ ኔትወርክ የለም» አለችኝ። «ምን አሟት?» ብላት፣ «ጉልበታቸውን ነው፣ አንተ ፈተናህን አጥና» አለች። በሳምንቱም ጸበል ናቸው አለችኝ። በወሩም ጸበል ናቸው አለችኝ። ነርስ ነኝ እኮ። ስንት ቤተሰብ ለሩቅ ልጁ እንዲህ ሲል ሰምቻለሁ። ግን አልጠየቅሁም። አለማወቄ ይሁን ማወቅ አለመፈለጌ ዛሬም አልለየሁትም። ጠዋት ሽማግሌዎቹን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ ከሰዓት ግሶቼን አጠናለሁ። እንዲህ ሦስት ወር ተኩል ሄደ።

ፈተናውን አለፍሁ። ዓርብ ዕለት ውጤቱን ለይታይሽ ስነግራት «እግዚአብሔር ይመስገን» አለችና ስልኩን ቶሎ ዘጋችው።

እሑድ ገና ሳይነጋ በር ተንኳኳ። ስከፍት እትዬ አልማዝ ቆመዋል፤ ከዚህ በባቡር አንድ ሰዓት ከሚርቀው ትልቅ ከተማ፣ እዚህ አገር ብዙ ዘመን የኖሩ፣ ቤተ ክርስቲያን አንድ ሁለት ጊዜ ያገኘኋቸው ሴት። ከኋላቸው ቄሱ አሉ፣ ከቄሱ ኋላ አምስት ሰዎች ደረጃው ላይ ተደርድረዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አገራችን በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ሁኔታ ሰው ሰው ቤት የሚመጣው ለምን እንደሆነ መንገር አያስፈልገኝም፣ ታውቃላችሁ።

«እናቴ ናት?» አልሁ።

«ግባ ልጄ፣ ተቀመጥ» አሉኝ እትዬ አልማዝ።

እነሱ አለቀሱ። እናቴን አይተዋት የማያውቁ ሰዎች «ጥሩወርቅ፣ ጥሩወርቅ» እያሉ አለቀሱላት። ስሟን ማን ነገራቸው? ይታይሽ ናት። የእትዬ አልማዝን ስልክ በሰው በሰው አፈላልጋ አግኝታ «ፈተናውን ባለፈ በመጀመሪያው እሑድ ንገሩልኝ፣ ብቻውን እንዳይሰማ» ብላቸው ኖሯል። እኔ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አያቸው ነበር። የሰው ቤት ለቅሶ የደረስኩ መሰለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ታች የሚኖሩት አከራዬ ሄር ፎግት፣ አቶ ፎግት እንደማለት ነው፣ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ ፒጃማ ላይ ካፖርት ደርበዋል።

«እሑድ ነው» አሉ። «የጸጥታ ቀን ነው። ግብዣ ነው?»

«እናቴ ሞታ ነው።»

ፊታቸው ተለወጠ። «አዝናለሁ። መቼ?»

«ከሁለት ወር ተኩል በፊት።»

ትንሽ አሰቡ። «ታዲያ ለምን ዛሬ?»

ለዚህ የሚሆን ጀርመንኛ አልተማርሁም። «ሚስቴ ዛሬ ስላለች» አልኋቸው።

«አሃ» አሉ። የገባቸው መሰሉ። «ስንት ቀን ትቀመጣላችሁ?»

«ሦስት ቀን።»

ሄዱ። ደግሞ ተመልሰው ሁለት ታጣፊ ወንበር ይዘው መጡና «ረቡዕ ትመልስልኛለህ» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ አጎቴን ቄስ ሙሉን በስልክ አገኘኋቸው። «አጎቴ፣ እርስዎ እንኳ እንዴት ይደብቁኛል?» አልኋቸው።

«ምን ላድርግ ልጄ» አሉኝ። «እኛማ በማግስቱ ይነገረው ብለን ተነስተን ነበር። ልጅ እናቱ ሞታ እንዴት ይሸሸጋል ብያለሁ፣ እግዜር ያየኛል። ሚስትህ እንቢ አለች። ሽማግሌ ሰበሰብን፣ እንቢ አለች። ‘ይህን ሁሉ የለፋነው ለአንድ ፈተና ነው፣ ከወደቀ ሁለት ለቅሶ ነው’ አለች። ማን ይመልስላት? ያስታመመቻት እሷ።»

«እሷ ሞጣ አይደለችም እንዴ?»

«አልነገረችህም?» አሉኝ። ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። እናቴ ታማ አልጋ ላይ ስትወድቅ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ይታይሽ ልጃችንን አዝላ ከሞጣ ተነስታ፣ በጉንደ ወይን አድርጋ፣ በየዘመዱ ቤት እያደረች በአራተኛው ቀን ቢቸና በእግሯ ገባች። ሁለቱ ሴቶች በቅጡ ተዋደው አያውቁም ነበር። አንድ ወር ሙሉ አብረው ከረሙ፤ አንዷ ተኝታ፣ አንዷ አስታማሚ ሆና።

ማታውን ሳይሆን በማግስቱ ነው ለይታይሽ የደወልሁላት። ሰዎቹ ከፊሎቹ ሄደው፣ እትዬ አልማዝ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፉ ነበር። አንዴ ሲጠራ አነሳችው።

«ነገሩህ?» አለችኝ።

«ነገሩኝ።»

«እኔ ነኝ ያስከለከልሁ። ማንንም አትውቀስ።»

«አጎቴ ነግረውኛል። እማዬ ጠርታኝ ነበር?»

ዋሽታ ልታስደስተኝ ትችል ነበር፣ ያስተማረቻቸው ልጆች እንኳ እንደማትዋሽ ያውቃሉ።

«ጠርተውሃል» አለች። «ሁለት ቀን ሙሉ ስምህን ጠሩ። ደውይልኝ አሉኝ። ኔትወርክ ነበረ። አልደወልሁም። እንዲህ ሆነው ቢሰማቸው ፈተናውን ትቶ ይመጣል ብዬ ነው። በሦስተኛው ቀን ራሳቸው ‘ሥራውን ሳይጨርስ እንዳትነግሪው’ አሉኝ። ሁለቱንም ነው የምነግርህ። የመጨረሻውን ብቻ ብነግርህ ይቀልለኝ ነበር።»

መቆጣት ነበረብኝ። ቁጣውን ፈለግሁት፣ እንደጠፋ ቁልፍ ኪስ ኪሴን ዳሰስሁ፣ የለም። ማመስገንም ነበረብኝ። እሱም የለም። መስኮቱ ላይ ዝናብ ይንጠባጠባል፣ ሄር ፎግት ግቢ ውስጥ የቆሻሻ ባልዲዎቹን በየቀለማቸው ያሰልፋሉ።

«እግርሽ እንዴት ነው?» አልኋት።

«ደህና ነው። ድኗል።» ከዚያ «አልቅሰሃል?» አለችኝ።

«አልቻልሁም።»

«ትናንትም?»

«ትናንትም። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እያየሁ ነበር።»

«አልቅስ እንጂ አንዱዓለም።»

«እንቢ አለኝ ይታይሽ።»

መስመሩ ላይ የልጃችን ድምፅ ተሰማ፣ የሆነ ነገር እየጠየቀቻት፤ «ቆይ» አለቻት። በር ሲዘጋ ሰማሁ። ከዚያ ይታይሽ፣ መናኸሪያ ቆማ እጇን ያላነሳችው፣ ሽማግሌ ፊት ቆማ ድምፅዋ ያልተንቀጠቀጠው፣ ማልቀስ ጀመረች። ድምፅዋን አልቀነሰችም። እናቴን በስሟ እየጠራች፣ እኔን ብቻዋን ማሳደጓን እያነሳች፣ እኔ የማላውቀውን የመጨረሻ ወሯን እያወረደች አለቀሰች። እትዬ አልማዝ ድምፁን ሰምተው ቢላቸውን አስቀመጡና መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝሁ፣ ኔትወርኩ እስኪቆረጥ ድረስ አዳመጥኋት።