ጫካችን የተረፈበት ጠዋት

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ጅማ አጠገብ ባለው ደዶ ውስጥ ከጫካ ጥግ ነበር፤ ወላጆቼ ለንግድ ከሌላ አገር የመጡ ክርስቲያኖች፣ ጎረቤታችን አዴ ዘይነባ ደግሞ እዚያው ተወልደው ያረጁ ሙስሊም ነበሩ። ያኔ መብራት ስላልነበረ፣ አመሻሽ ላይ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ እሳቸው ቤት እንሰበሰባለን። ከምድጃው በላይ ባለው ቆጥ ላይ ከጫካ የለቀሙት ኮረሪማ በጭስ ይደርቃል፤ ፍሙ ቀስ እያለ አመድ ሲለብስ፣ የኩራዙ ብርሃን ፊታቸው ላይ ሲወዛወዝ፣ ሽታው ልብሳችን ውስጥ ገብቶ እስከ ማግስቱ ይከተለናል።

ከሁሉ የምወደው ኮረሪማን ከነሥሩ ስለነቀለው ሰው የሚያወሩትን ተረት ነበር። ሰውዬው ፍሬው አልበቃው ብሎ ሥሩን ሲመነግል፣ ጥላ የሚሰጡትን ዛፎች ሲጥል፣ ጫካው ተቀየመ፤ እንደ ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ወንዙን ተሻገረ። ንቡም፣ ጉሬዛውም፣ ምንጩም ተከተሉት።

«የእኛስ ይሄዳል?» አልኳቸው አንድ ቀን ፈርቼ።

«እኛ ካላባረርነው የት ይሄዳል፣ ኢንተሎ?» አሉና ሳቁ፤ በኦሮምኛ «አንቺ ልጅ» ማለታቸው ነው።

ብዙ ሳይቆይ እንጨት ነጋዴዎች መጡ። ትልልቆቹን ዋንዛዎች ሽጡልን ሲሉ ከመንደሩ ሰው ብዙው ተስማማ፤ አባቴም ጭምር። የጭነት መኪናቸው የቆመ ዕለት ጠዋት ሁሉም ጫካው ዳር ወጣ። አዴ ዘይነባ ምርኩዛቸውን ይዘው በመጋዙና በዋንዛው መካከል ቆሙ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ በለሰለሰ ድምፅ ሰዉን በየስሙ ይጠሩ ጀመር።

«ያሲን፣ ቀፎህን የሰቀልከው የት ነው?»

«እዚሁ ዛፍ ላይ ነው፣ አዴ» አለ ጎረቤታችን ያሲን።

ወደ አባቴ ዞሩ። «አንተስ ነጋሽ፣ እንግዳ ሆነህ ስትመጣ ቤትህን ያሰርንልህ በምን ነበር?»

አባቴ አቀረቀረ። «በጫካው ሐረግ።»

«ሚስትህ ስትወልድስ ምን አጠጣናት?»

እናቴ ቀደመችው። «ኮረሪማ ነዋ! ይህችን ልጅ ስወልድ ሰውነቴን ያሞቀው ከዚህ ጥላ ሥር የተለቀመ ኮረሪማ ነው!» ብላ ጮኸች። እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛ እየጎተተች ወሰደችኝና አዴ ዘይነባ አጠገብ ቆምን። ሴቶቹ ተከተሉን፤ ከዚያ ያሲን፤ ከዚያ ወንዶቹ አንድ በአንድ፤ በመጨረሻ አባቴም መጣ። ነጋዴዎቹ ሰዉን አዩ፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ መጋዛቸውን መልሰው ጫኑ። መኪናው ባዶውን ሲመለስ ልጆቹ እየጨፈርን እስከ መታጠፊያው ተከተልነው፤ ከኋላችን እልልታው ኮረብታውን ሞላው።

ከዚያ ወዲህ መንደሩ የራሱን ደንብ አወጣ። ኮረሪማ ሳይቀላ አይለቀምም፣ ሥሩ አይነካም፤ ለመድኃኒት የሚፈለገው የጥቁር እንጨት ልጥ እንኳ ዛፉ እንዳይደርቅ ከአንድ ጎን ብቻ ይላጣል። ደንቡ ዛሬም ይሠራል።

አዴ ዘይነባ አርፈዋል፣ አላህ ይማራቸው። እኔ አሁን ጅማ ከተማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ነው የምኖረው፤ ከልጅነቴም ብዙ ነገር ረስቻለሁ። የእናቴ መዳፍ ወደፊት ሲስበኝ ደረቴን የሞላው ኩራት ግን አልለቀቀኝም። ዘንድሮ ደዶ ሄጄ ጫካው ውስጥ ስዞር ዋልኩ። ያኔ ከወገቤ የማይበልጡት የዋንዛ ችግኞች ዛሬ ክንዴ አያቅፋቸውም።