ወንዝ የማይሻገር መድኃኒት

በደርግ ጊዜ ጎንደር ከተማ ነርስ ነበርሁ። ታላቅ ወንድሜ አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ ያርሳል። አንድ ክረምት ዓይኑ ብጫ ሆነ፣ እህል አልቀምስ አለ ሲሉኝ በአውቶቡስ ገሰገስሁ። መንደሩ የወፍ በሽታ ነው ብሏል፤ እኔ ደግሞ ጉበቱ ነው አልሁ። ሁለቱም ያው ነው፤ እኔ ግን በዚያ ዕድሜዬ ያው መሆኑን የምቀበል ሰው አልነበርሁም።

«ተነሥ፣ ሆስፒታል እንሂድ» አልሁት።

«ምነው እታለም፣ መድኃኒቱን ጠጥቻለሁ እኮ! ወንዝ ከተሻገርሁ ይረክስብኛል።»

ያገራችን ወግ ነው። የቅጠል መድኃኒት ወንዝ ካሻገሩት ይረክሳል፤ ስሙን ከጠሩትም እንደዚያው። ጎንደር ደግሞ ወንዝ ሳይሻገሩ አይደረስም። ጮህሁ፣ ተቆጣሁ፣ ለመንሁ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። በአንድ ወንዝ የተነሣ ወንድሜን ልቀብር ነው አልሁ።

የገላገሉን መድኃኒቱን ያጠጡት ሽማግሌ ናቸው።

«እኔም አብሬው እሻገራለሁ» አሉ። «ያጠጣሁት ቢረክስ፣ ማዶ ከበቀለው ደግሞ አጠጣዋለሁ።»

«እንዲህማ ከሆነ ሸጋ ነው» ብሎ ተነሣ።

ሆስፒታል ተኛ፤ ሽማግሌው እኔ ቤት አረፉ። ጎህ ሲቀድ ሹልክ ብለው ወጥተው፣ ቅጠል በጋቢያቸው ሸሽገው ሲመለሱ አየሁ። በየቀኑ የማልፈው፣ ፍየል እንኳ ዞር ብላ የማታየው ተክል ነው። ለሐኪሙ ነገርሁት።

«ጉበት ካሳረፉት ራሱን ይጠግናል» አለኝ። «ብቻ አያብዙበት፤ አረቄም እንዳይቀምስ።»

ሽማግሌውም አላበዙም። ዓይኑ ቀስ በቀስ ነጣ። ዕረፍቱ ይሁን ቅጠሉ ዛሬም አላውቅም።

«ምን ነበር ያጠጡኝ?» አለኝ ሲሰናበተኝ።

«እኔ ምን አውቄ!» አልሁት።

ከዓመታት በኋላ አንድ ሐኪም ሲያስተምረን፣ አንዳንድ ዕፅዋት አንቲኦክሲዳንት የሚባል ነገር አላቸው፣ የጉበትን ሕዋስ መርዝ እንዳይጎዳው ሳይከላከሉለት አይቀሩም አለ። ከጠራቸው ዕፅዋት አንዱ ያ የሽማግሌው ቅጠል ነበር። እንባዬ መጣ፤ ጎኔ የተቀመጠችው ነርስ አሟት ነው ብላ ውሃ አመጣችልኝ።

የቅጠሉን ስም እዚህ ብጽፈው ደስ ባለኝ። ነገር ግን ወንድሜ ከዳነ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሯል፤ ያገኘውን ሁሉ ያነባል። ነርስ ነኝ፣ በወንዙም በስሙም አላምንም። ይረክስበታል ብዬ ግን እፈራለሁ።