ከመደብ ሥር የሄደ ሙቅ ውሃ

የአንኮበርን ብርድ የማያውቅ ሰው የንጋቷ ታሪክ ሲነገረው ይስቃል። ይሳቅ። ወይዘሮ ወለተሐና ግን ብርዱን ያውቁት ነበር፤ ጉልበታቸውን ቆልፎ ቤተ ክርስቲያን ከመሳም አስቀርቷቸዋል። እልፍኛቸው ውስጥ እሳት እንዳይነድ ጭሱ ዓይናቸውን ያስለቅሳቸዋል። ነገሩ የሆነው በሺህ ስምንት መቶ ሰባዎቹ፣ የሸዋ መኳንንት ገና አንኮበር ላይ በሚከርሙበት ዘመን ነው። ባለርስቷ እመቤት በቁርበትና በጋቢ ተጠቅልለው መደባቸው ላይ ሲንቀጠቀጡ ይውሉ ነበር።

ንጋቷ በእሳቸው ርስት ላይ፣ ገደሉ አፋፍ፣ ከባሏ ከየሺጥላ ጋር የምትኖር ሸክላ ሠሪ ናት። እናቷም አያቷም እዚያው ጭቃ ሲያቦኩ ኖረው እዚያው ሞተዋል። እሳት የማይሰነጥቀው የአፋፉ አፈር ሌላ ቦታ አይገኝም። የሺጥላ ብረት ቀጥቃጭ ነው። አገሬው ማረሻውን ከእሱ ያሠራል፣ ጋኑን ከእሷ ይገዛል፣ ዘወር ሲል ቡዳ ይላቸዋል። ከሁሉ የከፋው የእመቤቲቱ ምስለኔ ወልደአረጋይ ነበር። አፋፉን ለወንድሙ ሊያሰጥ አስቦ፣ የእመቤቲቱን ጉልበት የያዘው የእነዚህ ጠይቦች ዓይን ነው ብሎ አስወራ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ እመቤቲቱም ወሬውን አምነው፣ ባልና ሚስቱ ከፋሲካ በኋላ ርስቴን ይልቀቁ አሉ።

የሺጥላ ወደ ለሚ አገር እንሰደድ አለ። ንጋቷ ግን እመቤቲቱ ደጅ ሄዳ ቆመች። ሲያስገቧትም፣

«መደብዎን ያለ ጭስ አሞቅልዎታለሁ፤ ከሞቀ አፋፉን ይተዉልኝ። ካልሞቀ ጎጆዬን በገዛ እጄ አፍርሼ እሄዳለሁ» አለች።

ወልደአረጋይ ሳቀ። እመቤቲቱ ግን ብርዱ አሸንፏቸው ነበርና እስቲ ሞክሪ አሏት።

ሐሳቧ ቀላል ነው። ማድ ቤቱ የተሠራው ከእልፍኙ ከፍ ብሎ ነው። እዚያ በጋን ውሃ ይፈላል፤ ውሃው በሸክላ ቧንቧ ወርዶ በመደቡ ሆድ ውስጥ ያልፋል። በወዲያኛው ጫፍ የወይራ ውታፍ ይዘጋዋል፤ ሲቀዘቅዝ ውታፉ ተነቅሎ ይፈስና በሌላ ሙቅ ይተካል። ቧንቧዎቹን አጫጭር አድርጋ፣ የአንዱ ጫፍ በሌላው አፍ እንዲገባ ሠራቻቸው። መከራው መጋጠሚያው ላይ ነበር። እዚያ ላይ ከልጅነቷ የምታውቀውን አደረገች፤ የጸበል መውረጃ እንደሚደፈነው ሁሉ በሰም ደፈነችው። ቀዝቃዛ ውሃ ብትለቅበት ጠብ አላለም። ደስ ብሏት መደቡን መረገችና ሙቁን ውሃ ለቀቀች።

የፈላ ውሃ ሰም እንደሚያቀልጥ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ግን አንኮበር ላይ በመውረጃ የሚሄድ ውሃ ሁልጊዜ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ነው፤ ሙቅ ሲሄድ ማን አይቶ ያውቃል? ሰሙ ቀለጠ፣ መጋጠሚያው ሁሉ አፉን ከፈተ፣ መደቡ ጭቃ ሆነ፣ የእመቤቲቱ ቁርበት ራሰ። የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል፤ ገረዶቹ ሳይቀሩ ሰደቧት። ወልደአረጋይ አሁኑኑ ትባረር አለ። እመቤቲቱ እጅግ ቢቆጡም ቃሌ እስከ ፋሲካ ነውና እስከዚያው ትቆይ አሉ።

ቤቷ ስትደርስ ወሬው ቀድሟት ነበር። የሺጥላ ወናፉን ይጠቀልላል።

«ፍታው። ካፈርኩ አይመልሰኝ» አለችው።

አለቀሰች፤ እያለቀሰችም ጭቃ ታቦካ ነበር። ጭቃና እበት ሞከረች፤ ውሃው አጥቦ ወሰደው። ሞራ እንዳትሞክር የሰም ወንድም ነው፤ ደግሞም በሁዳዴ ሞራ እመቤቲቱ ቤት አይገባም። አንድ ቀን የጾም ተልባ የበጠበጠችበትን ገበቴ ልታጥብ ብትል፣ ተልባው ደርቆ ተጣብቋል። ይለቅልኛል ብላ የፈላ ውሃ ብታፈስበት ጭራሽ አበጠ። ንጋቷ ቁጭ ብላ አየችው። ሰም ሙቀት ሲነካው ይሸሻል፤ ይሄ ውሃ ባገኘ ቁጥር እየወፈረ ይዘጋል!

ተልባ ወቀጠች፣ ገል ፈጭታ ቀላቀለች፣ አሮጌ ነጠላዋን ቀዳ በዚያ ለወሰችና በየመጋጠሚያው አጥብቃ ጠመጠመችው። ጎረቤቱ፣ ሰው የሚበላውን ለቧንቧ ታበላለች፣ አበደች አለ። እሷ በደጇ ዘርግታ የፈላ ውሃ እየለቀቀች፣ ያፈሰሰውን እየፈታች፣ እንደገና እየጠመጠመች ከረመች።

ከሆሣዕና በፊት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልድገመው ብላ እመቤቲቱን አስፈቅዳ፣ መደቡን አፍርሳ እንደ አዲስ ሠራችው። አሁን ግን ሙቁ ውሃ ሳያልፍ ምርጊት አላስነካችውም። ወልደአረጋይ ጎንበስ ብሎ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ዳሰሰ። ጣቱ ደረቅ ነበር። ቆይቶ ይፈሳል ብሎ ቆሞ ጠበቀ፤ አልፈሰሰም። መደቡ ተመርጎ ሲደርቅ ወይዘሮ ወለተሐና ወጡበት። ቆየት ብለው ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ጣሉ፣ ቀጥሎም ከርሞ የታጠፈ እግራቸውን ዘረጉ።

የጾም ቅዳሴ ወጥቶ ነበርና መሶብ ቀረበ። ጠይብ ባለበት ምግብ አይገለጥም፤ ገረዶቹ በንጋቷና በመሶቡ መሀል ጋቢ ዘረጉ። ንጋቷም ሳይነግሯት ልትወጣ ተነሣች።

«የት ትሄጃለሽ?» አሉ እመቤቲቱ።

«ምግብ ቀርቧል እመቤቴ።»

«ጋቢውን አውርዱት» አሉ ገረዶቹን። ወልደአረጋይ ስለ ዓይኗ አንድ ነገር ሊል ሲጀምር አቋረጡት። «አፋፉ የንጋቷ ነው። ወንድምህ ሌላ መሬት ይፈልግ።»

ከዚያ መሶቡን ራሳቸው ከፈቱና ቆርሰው፣ ፊት ለፊት እያዩዋት፣ ጎረሱ። ንጋቷ ሸክላዋን ለአገር ሁሉ ስትሸጥ ነው የኖረችው፤ ከወገኗ ውጭ የሆነ ሰው ፊቷ ሲበላ ግን ያን ቀን ገና ማየቷ ነበር።