ሬዲዮ ያላወራው ወሬ

የሰፈራችን ፀጉር ቆራጭ እናቱ ያወጣችለት ስም ነበረው፤ እኛ ግን ሬዲዮ ነበር የምንለው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው አንገቱን አራግፎ ሲነሳ የጎረቤቱን ጓዳ ጭምር አውቆ ይሄዳል። «ለማንም ትንፍሽ አልልም» ሲል መቀሱ ራሱ የሚስቅ ይመስል ነበር።

ይሄ ሰው ከመሬት ተነስቶ መክሳት ጀመረ። ሲመሽ ትኩሳት፣ ሲነጋ አንሶላ የሚያርስ ላብ። አንዱ ክሊኒክ ታይፎይድ አለው፣ አንዱ ወባ፣ ሌላው «ጭንቀት ነው፣ ወሬ ቀንስ» አለው። ደሙ ሲመረመር ግን ሁሌም ባዶ ነው፤ ምንም አይገኝበትም።

«በሽታዬ ዓይን አፋር ነው» ይላል፤ «ሐኪም ሲያይ ይደበቃል።»

የምታስታምመው ታላቅ እህቱ ነበረች። ሁለቱም ትዳራቸው ፈርሶ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲጨቃጨቁ የኖሩ ናቸው። እትዬ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አላት፤ ከየቤቱ የተረፈ መድኃኒት እዚያ ይጠራቀማል። ያለ ወረቀት የሚሠራ ፋርማሲ በሉት።

በመጨረሻ ትልቁ ሆስፒታል አስተኙት። የመጣችው ሐኪም የተላላፊ በሽታዎች ስፔሻሊስት ናት አሉ። ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ጥፍሮቹን አየች፣ ደረቱን ረጅም ሰዓት አዳመጠች፣ ከዚያ ጥያቄ ጀመረች፦ ጥርስ ነቅለዋል? ቤት ውስጥ ድመት አለ? ወተት ሳይፈላ ይጠጣሉ? ምላጭ ቆርጦዎት ያውቃል?

«ዶክተር፣ እኔ ሱቅ አንድ ወንበር ልስጥዎት? እንዲህ የሚጠይቅ ሰው አጥቼ ነው።»

«ይችን ይመልሱልኝና እቀጠራለሁ። ለምርመራ ደም ሊሰጡ ሲሄዱ አስቀድመው የዋጡት ነገር ነበር?»

እትዬ ቀደመችው። «ምነው፣ እንዲሁ ላመጣው ኖሯል? ሐኪም ፊት እንዳይንቀጠቀጥ፣ ሰው እንዲመስል፣ ሁሌ በዋዜማው ከዚች እሰጠዋለሁ።» ከቦርሳዋ ቀይና ጥቁር እንክብል ዘረገፈች።

ዶክተሯ እንክብሏን አገላብጣ አየች። «እናቴ፣ እስቲ የሚጠጣው ውሃ ያምጡለት።»

እትዬ ስትወጣ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የልብዎ ቫልቭ ላይ፣ ደም የሚያሳልፈው በር ላይ፣ ተህዋሲ ተቀምጧል ብዬ ነው የምጠረጥረው። ደምዎን ጠርሙስ ውስጥ አቆይተን ተህዋሲው ሲያድግ ነው ማንነቱ የሚታወቀው። እንክብሉ ፀረ ተህዋሲ ነው፤ ተህዋሲውን አልገደለውም፤ ጠርሙሱ ውስጥ እንዳያድግ ግን አድክሞታል። ባዶ ነው ሲሉዎት የከረሙት ለዚህ ነው።»

ሬዲዮ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። «የደበቀችው እትዬ ናት በሉኛ።»

«ለእርስዎ አስባ ነው።»

«ዶክተር፣ እንዳይነግሯት። ይችን ወሬ እኔው ይዣት እሄዳለሁ።»

እንክብሉ ቆመ፤ ደሙ እንደገና ተቀዳ። ጠርሙሱ ውስጥ ተህዋሲው አደገ፣ ስሙም ታወቀ። ትክክለኛው መድኃኒት በደም ሥሩ ሲገባ ትኩሳቱ ወረደ፤ ሬዲዮም ክፍሉ ውስጥ ያለውን በሽተኛ ሁሉ ታሪክ ለቅሞ ጨረሰ። ቫልቩ ግን ተበልቶ አልቆ ነበር። ቀዶ ጥገናውን ልቡ አይችለውም ተባለ። ዶክተሯ ጠዋት ጠዋት መጥታ ደረቱን ታዳምጣለች፤ እሱም ይቀልድባታል፤ እየቆየ ለቀልዱም ትንፋሽ አጠረው።

«ቀደም ብሎ ቢታወቅ ትድን ነበር እንዴ?» አለችው እትዬ አንድ ቀን።

«አዬ እትዬ፣ ያው ነው። የልብ ነገር እኮ ነው።»

በዚያው ሳምንት ሞተ።

እትዬ ግን ያን ቀን ውሃ ፍለጋ ሩቅ አልሄደችም ነበር። በር ሥር ቆማ አንድም ቃል አላመለጣትም። እሱ እንዳይሳቀቅ ብላ ያልሰማች መሰለች፤ እሱም ያላወቀች መስሎት ሞተ። ለቅሶው ሲበተን ሱቁ መጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ሁሉንም አወጣችው። ቆርቆሮውንም ፊታችን ቆሻሻ ውስጥ ገለበጠችው።

«ሳትመረመሩ ምንም እንዳትውጡ!» አለች። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን፤ አንዳንዱም አለቀሰ።

በቀደም እዚያው ሱቅ ሁለተኛው ወንበር ላይ የሚሠራውን ቆራጭ ትኩሳት ያዘው። በቀጥታ የሄደው እትዬ ቤት ነው።

«እትዬ፣ ከዚያች እንክብል የተረፈች የለችም? ነገ ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለኝ።»