እትዬ አስካለን «ነጻ» ያላቸው ወረቀት

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እትዬ አስካለ ቤት የሄድኩት ለጥየቃ ብቻ አልነበረም... ለጠብም ነበር።

እትዬ አስካለ እዚህ ነጌሌ ከጦር ካምፑ ጀርባ የሚኖሩ የሟች ሃምሳ አለቃ ባለቤት ናቸው። ለእኔ እንደ እናቴ ናቸው። ሐሙስ ዕለት ከሀዋሳ ሆስፒታል ተመለሱ። የማህፀን በር ካንሰር ነው ተባለ፤ ያውም ቆይቷል፣ ተሰራጭቷል። ለጨረር ሕክምናው ደግሞ ተራ ይጠብቁ ተብለዋል።

እኔ አበድኩ! አምና አጥኚዎች ከአዲስ አበባ መጥተው የሰፈራችንን ሴቶች ሲመረምሩ በጎ ፈቃደኛዋ እኔ ነበርኩ። የእትዬን ውጤት በገዛ እጄ ነው ያደረስኩላቸው። «ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረስ አልተገኘም» ይላል፣ ቁልጭ ብሎ።

ነገሩን ለማታውቁት... ሴትየዋ ራሷ ጓዳ ትገባለች፣ ጫፉ ጥጥ በሆነ ቀጭን ዘንግ ናሙና ከውስጧ ወስዳ ብልቃጥ ውስጥ ትከታለች። ሐኪም ፊት መተኛት የለ፣ ልብስ ማውለቅ የለ። የእኔ ሥራ ማስረዳት፣ ማሳመንና ብልቃጡን ከእያንዳንዷ እጅ መቀበል ነበር። የመረጡኝም ከሞያሌ ሰልባጅ እያመጣሁ ስለምሸጥ ነው፤ የማላንኳኳው በር የለም። አፍ እንደሆነ አላጣሁም።

ስገባ እትዬ አልጋ ላይ ጋደም ብለዋል፤ ግማሽ ሆነዋል። እግራቸው ስር ጎረቤታቸው ሎኮ ተቀምጣለች። ሎኮ ወተት ሻጭ ናት፤ እኩያዬ ናት፣ ደፋርና ሳቂታ።

«አካም ነሽ፣ ናጋ?» አለችኝ። ሰላምታዋንም በቅጡ አልመለስኩላትም።

«እትዬ፣ ያ ወረቀት የት አለ? እዚሁ ሆኜ ነው የምደውልላቸው! በሰው ነፍስ ይቀለዳል እንዴ?»

«ተይው ልጄ...»

«ምኑን ነው የምተወው? ነጻ ነዎት ብለው ዓመት ሙሉ ቤት አስቀመጡዎት እኮ!»

ስልኬን አውጥቼ ያሰለጠነችንን ሲስተር ቁጥር መፈለግ ጀመርኩ። ሎኮ ብድግ አለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«አትደውዪ። ያ የእሷ አይደለም። የእኔ ነው።»

«ምኑ?»

«ብልቃጡ። በእሷ ስም እኔ ነኝ የሰጠሁት።»

አልገባኝም። ወደ እትዬ ዞርኩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል።

«ደም የሚያያት እንዳትሰጥ ብለሽን የለ?» አሉኝ ቀስ ብለው። «እኔን ያኔ ያየኝ ነበር። የወር አበባዬ ከቆመ ስንት ዘመኑ... እንደገና ጀመረኝ። በዚህ ዕድሜ ይሄ ለማን ይነገራል? አፈርኩ። ባዶውን እንዳልመልስብሽ ደግሞ...»

«ባዶውን ቢመልሱትስ ምን ይሆናል?» ሳላስበው ጮህኩባቸው።

«እንግዶችሽ ፊት እንዳታፍሪ ነዋ፣ ልጄ።»

እዚያው ቁጭ አልኩ።

እኔ ትቆይ ያልኩት የወር አበባዋ ላይ ያለችዋን ነበር። ካቋረጠች በኋላ ደም ያያት ሴት ግን በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ነበረባት። ሲስተሯ ይህን በስልጠናው ላይ ደጋግማ ነግራናለች። እኔ ሳስረዳ ዘለልኩት! የሞያሌው መኪና ሊነሳብኝ ነበር። ከእያንዳንዷ እጅ መቀበሉም ቀረና አስራ ሁለቱን ብልቃጥ ከነፌስታሉ ሎኮ ቤት ጥዬ፣ «ሰኞ ሞልታችሁ ጠብቁኝ፣ እንዳታሳፍሩኝ!» ብዬ ሄድኩ።

አላሳፈሩኝም። ሰኞ ስመለስ አንድም አልጎደለም። አጥኚዎቹ በጠሩት ስብሰባ ላይ ተጨበጨበልኝ። እዚሁ ገጽ ላይም ፎቶዬን ለጥፌ ስንቶቻችሁ «ጎበዝ!» ብላችሁኛል።

«ሎኮ... ለስንት ሰው ነው የሰጠሽው?»

«ላፈረች ሁሉ። ያ ዋቃ! ለጥናት ነው፣ ለሌላ ሴት ይጠቅማል አልሽ እኮ። ሴት ሁሉ አንድ ነው መስሎኝ! ለአምስት ሰው ሰጠሁ። ወረቀቱ በየስማችን ይመጣል ብዬ መች አሰብኩ... ሲመጣ ፈራሁ፣ ዝም አልኩ።»

ልቆጣት አሰብኩ። በየትኛው አፌ?

ለሲስተሯ ደወልኩ። ልሰድባት ያዘጋጀሁትን ሁሉ ትቼ ተናዘዝኩላት። ስንት ሴቶች እንደሆኑ ጠየቀችኝ። ከዚያ፣ «የሰፈራችሁ ናሙና በሙሉ ከጥናቱ ይወጣል። አሁን እሱን ተይውና የቀሩትን አራት ሴቶች ነገ ዛሬ ሳትዪ ለምርመራ አምጪልኝ» አለችኝ።

እትዬን ይቅር በሉኝ አልኳቸው። እጄን ያዝ አድርገው፣ «አንቺ ምን አደረግሽ?» አሉኝ። ምነው በሰደቡኝ!

ከአራቱ የመጀመሪያዋ ቤት ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ ወረቀቷን ከዳዊቷ ውስጥ አውጥታ አሳየችኝ፤ ዓመት ሙሉ እዚያ አስቀምጣዋለች። «እግዜር ይስጥሽ፣ አንቺ ባትኖሪ ማን ያየን ነበር?» ብላ መረቀችኝ። እውነቱን ነገርኳት። ወረቀቱ የሎኮ ነው፣ ያንቺን ማንም አላየውም፣ ሰኞ ጠዋት አብረን ሆስፒታል እንሂድ አልኳት።

ወረቀቱን ቀስ ብላ አጠፈችው። ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ አለች።

«እሺ፣ አንቺ ካልሽ» አለችኝ።

ዛሬ ሰኞ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ በሯ ላይ ቆሜ እያንኳኳሁ ነው፤ ቤቱ ተቆልፏል... ፊት ለፊት «እምቢ» የምትለኝ አንዲት ሴት ባገኝ እግሯን ስሜ እለምናት ነበር።