የማይነቃነቀው ዶላር

ሀሲባ አስቀድማ ነቅታ ገንዘቧን አወጣች ተባለ። በምትሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ያሉ አንድ ጡረተኛ ባለባንክ፣ ቁጠባዋን ያስገባችበት የገንዘብ ፈንድ ሊወድቅ አንድ ቀን ሲቀረው ሹክ ብለዋት፣ ያላትን ጠራርጋ ወጣች አሉ። ወሬው እሷ ከምትኖርበት ከሲዋርድ ሰፈር ተነሥቶ ኒው ሆፕ ሲደርስ ገንዘቡ በጆንያ ሆነ፤ ሜፕልዉድ ሲገባ ጆንያው ሁለት ሆኖ ሄሊኮፕተር ተከራየ።

ለማመን ግን ያስቸግራል። እኚያ ባለባንክ ሀሲባን የሚጠሯት በሞተ ውሻቸው ስም ነው፤ ቁርስ መብላታቸውንም አያስታውሱም። እሷም ብትሆን ሁለት ሽፍት ሠርታ አውቶቡስ ውስጥ ቆማ የምታንቀላፋ ሴት ናት፤ ለገበያ ወሬ የሚተርፍ ጆሮ የላትም።

ፈንዱን ያመጣላት ታናሽ ወንድሟ ዙሀይር ነው፤ የኤርፖርት ታክሲ ሹፌር፣ በራሱ ምስክርነት ደግሞ የዎል ስትሪት ግማሽ። ደሴ ያሉትን እናታቸውን ሐጅ ለመላክ ተማምለው፣ እያንዳንዳቸው በየስማቸው ይቆጥቡ ነበር።

«እትዬ፣ ይሄኛው እንደ አክሲዮን አይዘልም» አላት። «አንዱ ዩኒት፣ ማለት አንዱ ድርሻ፣ ሁልጊዜም አንድ ዶላር ነው። ያስገባሽውን ታወጫለሽ። አማና በይው!»

«ወለድስ?»

«ዋጋው ካልተነቃነቀ ወለዱ ከየት ይመጣል?»

መጣ እንጂ! በየወሩ ጥቂት ዩኒት እየሆነ በጓሮ በር ገባ። ወለድ ሐራም ነውና ሀሲባ ስታውቅ ክው አለች። ከዚያ በኋላ ትርፉን እንደ ትኋን እየለቀመች ለድሃ ሰጠች፤ ዋናውን ግን አልነካችም።

እ.አ.አ. በ2008 ረመዳን አጋማሽ ላይ ያ የማይነቃነቀው ዶላር ዘጠና ሰባት ሳንቲም ሆኖ አደረ። ሦስቱ ሳንቲም ባልከፋ፤ ፈንዱ «እስኪጣራ ማውጣት ክልክል ነው» ብሎ በሩን ቆለፈ። የሐጁ ወኪል ደግሞ ከዒድ ማግስት በኋላ ክፍያ አይቀበልም።

ሀሲባ ወደ ወንድሟ ሮጠች። ደጁ ላይ አዲስ ቫን ቆሟል።

«የማን ነው?»

«የእኔ። ተሳፋሪዬ ፈንዱ ሊወድቅ ነው ብሎ በስልክ ሲያወራ ሰምቼ፣ ድርሻዬን አንድ ቀን ቀድሜ ዊዝድሮው አድርጌ አወጣኋት።»

«እኔስ?»

«አንቺ ከሰማሽ ሲዋርድ በሙሉ ይሰማል። ሁሉም ከተሰለፈ ለኔ መች ይደርሰኛል?»

«የእማየ ሐጅስ?»

«በቫኑ ሠርቼ፣ ለከርሞ፣ ኢንሻአላህ።»

የወንድም ነውር የራስ ነው ብላ ለማንም አልተነፈሰችም።

ለዒድ ዘመድ ሁሉ ዙሀይር ቤት ተሰብስቦ ሳለ እናታቸው ከደሴ ደወሉ። ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር።

«ሀሲብዬ፣ ገንዘቡን ቀድመሽ አውጥተሽ ለወንድምሽ መኪና ገዛሽለት አሉ። ደግ አደረግሽ። እኔን ግን ምነው ደበቅሽኝ?»

«ማን ነገረሽ እማየ?»

«እሱው ነዋ፣ ዙሀይር!»

በሕይወቱ እንግዳ አስተናግዶ የማያውቀው ዙሀይር የሳምቡሳውን ሳህን አንሥቶ ማደል ጀመረ፤ ለእሷም ዘረጋላት። ሀሲባ በእጇ ጀርባ ገፋችው፤ ወደ ስልኩም ጠጋ አለች።

«ውሸት ነው፣ እማየ። ሹክ ያለኝ ሰው የለም፤ አንድ ሳንቲም አላወጣሁም፤ ለማንም መኪና አልገዛሁም። የኔ ገንዘብ እዚያው ተቆልፎበታል። ቀድሞ ያወጣው ዙሀይር ነው። መኪናውም ያንቺ ሐጅ ነው።»