ቅዳሜ ይመጣል የተባለው በረዶ

ጥር ላይ አሶሳ ሰማይ የለውም። ሣር የሚቃጠልበት ጊዜ ነው። በመንጌ በኩል ይለኮሳል፣ በባምባሲ በኩል ይለኮሳል፣ ጭሱም ሳምንት ሙሉ ከአናታችን ላይ ሳይነሳ ይከርማል። ፀሐይ ራሷ የታመመ ሰው ዓይን መስላ ነው የምትወጣው። ከላይ የተጋረደው ደመና ይሁን ጭስ በእርግጥ የሚለይ ሰው የለም። እለያለሁ የሚል ግን ሞልቷል። አንዱ እኔ ነኝ።

ክልሉ ገና አዲስ ነበር። የጭቃ ቤት ላይ ሰሌዳ ተሰቅሎ ቢሮ የሚባልበት፣ ሠራተኛው ወንበር ከጎረቤት ተውሶ የሚቀመጥበት ጊዜ። እኛ ከወሎ በሰፈራ የመጣን ሰዎች ደግሞ ትቀራላችሁ የሚለንም፣ ትሄዳላችሁ የሚለንም አልጠፋም። መንግሥት ሲለወጥ ከሰፈራችን ብዙው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ገብቷል። እኔ አልገባሁም። አንዴ ተነቅዬ ተተክያለሁ፣ ደግሜ አልነቀልም አልኩ። ስንቅ የለኝም፣ ጉልበት የለኝም፣ ደግሞም ደክሞኛል።

ሚስቴ ግን ልቧ እዚያው ነበር። የአምናውን ማሽላችንን ገና ሳይታጨድ የሣር እሳት በላው። እሳቱ ሲበርድ አመዱ ዳር ቆማ አላለቀሰችም። "አንት ሰው፣ ስማኝ" አለች፣ "የዘንድሮው እህል ጎተራ ካልገባ እኔ አገሬ እገባለሁ። አንተ ከጭስህ ጋር ተቀመጥ።" ቤት ገብታ ልብሷን በጋቢ ቋጠረችና ከጎተራው በላይ ካለው ችካል ላይ ሰቀለችው። ዓመቱን ሙሉ የተበደርናትን እህል ልቀዳ በገባሁ ቁጥር ያ ቋጠሮ አናቴን ይነካኝ ነበር። አውርጂው አላልኳትም። እሷም አላወረደችውም።

የዘንድሮው ማሽላ ደግሞ ጥሩ ሆነ። ታጨደ፣ ራስ ራሱ ተቆርጦ በእበት በተለቀለቀው አውድማ ላይ ተከመረ። የቀረው መውቃትና ማናፈስ ብቻ ነው። ለዚያ ደቦ ጠርቼ ተራዬ ቅዳሜ ላይ ዋለ።

የደቦ ተራ በኛ ሰፈር ቀልድ አይደለም። ተራህን ያዘዋወርክ እንደሆነ ጅራት ትሆናለህ፣ ሰፈሩ በሙሉ ወቅቶ ሳይጨርስ ወደ አንተ የሚመለስ የለም። ዝናብ ቢያጠፋብህም ተራህ አለቀ ነው። ዝናብን ማንም በዋስ አይዝልህም።

ሐሙስ ዕለት መምህሩ መጣ። ከሸዋ ተመድቦ የመጣ፣ እኛው ሰፈር ቤት የተከራየ ወጣት ነው፤ በሰፈሩ ደህና ሬዲዮ ያለው እሱ ብቻ ነበር።

"ጋሼ፣ ሬዲዮ ሰምተዋል? ቅዳሜና እሁድ በምዕራብ አንዳንድ ቦታዎች በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሊኖር ይችላል ተባለ።"

"አንዳንድ ቦታ ማለት የኔ አውድማ ነው?"

"እሱን አላሉም። አንዳንድ ቦታ ነው ያሉት።"

"ሊኖር ይችላል ማለትስ? እኔም ቅዳሜ ልሞት እችላለሁ።"

"እሱንም አላሉም ጋሼ" ብሎ ሳቀ።

ጎረቤቴ አጥሩ ላይ ተደግፎ ይሰማል። እሱ የአገሩ ልጅ ነው፣ የበርታ ብሔር ሰው፤ ያርሳል፣ በበጋ ደግሞ ሱዳን ድንበር ኩርሙክ እየሄደ ሸቀጥ ያመጣል። መካን ዓይኔም አይቶት አያውቅ፣ እሱ ግን ከተዋወቅን ጀምሮ በዓረብኛው "ያ ሐጅ" እያለ ነው የሚጠራኝ። ወደ ሰማይ በአገጩ አመለከተኝ።

"ያ ሐጅ፣ ይሄ ጭስ አይደለም። ጭስ ይሸታል። ይሄ ውሃ ናት።"

"ጭስ ነው" አልኩ። "ጥር ላይ እዚህ አገር ዘንቦ ያውቃል?"

"አንድ አንድ ጊዜ ትመጣለች።"

"መቼ?"

"ስትፈልግ።"

እንግዲህ ከሬዲዮውም ከሱም ያገኘሁት ይሄንኑ ነው። አንዳንድ ቦታ፣ አንዳንድ ጊዜ።

ዓርብ ነገሩ ባሰ። ከክልሉ የተላከ አንድ ወጣት በድምፅ ማጉያ ገበያው ውስጥ እየዞረ "ገበሬዎች ምርታችሁን ሰብስቡ" አለ። ምናልባት የምትለዋ ቃል መንገድ ላይ ወድቃ ቀርታለች። ከጁምዓ ስንወጣ በረዶው የዶሮ እንቁላል ያህላል ተባለ። ገበያ ስደርስ የሎሚ ነው ይላሉ። አንዱ ደግሞ አያቱ በነገሩት በረዶ ፍየሎች አልቀው እንደነበር እያወራ ሰው ከቦታል። ከሱቆቹ ላስቲክ የሚባል ጠፋ። ቆርቆሮ ቤት ያለው ጣራው ላይ ድንጋይ ይጭናል፣ ሣር ቤት ያለው ገመድ ያጠላልፋል፣ ሴቶቹ እንጨት ወደ ቤት ያስገባሉ። ባሕር የሚወጣብን ነበር የሚመስለው። እኔ ጨው ገዝቼ ተመለስኩ።

ሚስቴ ደጅ ቆማ ጠበቀችኝ። የደቦ ንፍሮዋን ለቅማ፣ ቃሪቦዋን ጠምቃ ጨርሳለች።

"ሂድና ለምናቸው" አለችኝ። "ደቦው ዛሬ ከሰዓት ይሁን በላቸው።"

"ጅራት እሆናለሁ።"

"በረዶ ከሚበላው ጅራት ብትሆን ምን አለበት?"

"ጅራት ስንሆን ደግሞ ወፍና ምስጥ ይበሉታል። ጭስ ነው እያልኩሽ!"

ቀና ብላ ሰማዩን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። "እሽ። ጭስ ይሁንልህ" አለች። ቋጠሮው የት እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን።

ቅዳሜ ጧት ሰማዩ እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቁሯል። አውድማው ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። የሚመጣ የለም። ሁሉም የየራሱን ክምር በሣር በላስቲክ ሲሸፍን አረፈደ። አልፈረድኩባቸውም ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው፤ ፈርጄባቸዋለሁ፣ እስከ ዛሬም ፍርዴን አላነሳሁም። በመጨረሻ የመጡት ጎረቤቴ፣ መምህሩና ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው። ሽማግሌዎቹ የመጡት፣ እውነቱን ልናገር፣ ለቃሪቦው ነው።

ማሽላ መውቃት ሰው ሲበዛ ሥራ አይመስልም። ወንዱ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማል፣ አንዱ ወገን ዱላውን ሲያነሳ አንዱ ያሳርፋል፣ ዘፈኑ ክንድህን ያነሳልሃል። ሰው ሲያንስ ግን ዘፈኑም ይሞታል። ዱላው ብቻ ይቀራል። መምህሩ መዳፉ ተላጠ። አንዱ ሽማግሌ "ልጄ፣ ጠመኔው ይሻልሃል" አለው። "ጠመኔውም የለም አባባ፣ ገና ከክልሉ አልመጣም" አለ መምህሩ። ትንሽ ሳቅን፣ ደግሞ ወቃን። ወገቤ ከሁለት የሚከፈል እስኪመስለኝ ወቃን።

ከቀትር በኋላ ነፋስ መጣ። ከምዕራብ፣ ከሱዳን በኩል። አሁን ይሄን ያልሠራበት ሰው ላይገባው ይችላልና ላስረዳ። የተወቃ እህል ያለ ነፋስ ከእብቁ አይለይም፤ በላይዳ፣ በዚያ በእንጨቱ አካፋ፣ ወደ ላይ ትበትነዋለህ፣ ነፋሱ እብቁን ይወስዳል፣ ፍሬው ይወድቃል። በጥር ነፋስ የለም፣ ቢመጣም እየተልፈሰፈሰ ነው። ደህና አድርጎ የሚያናፍስልህ ዝናብ የሚነዳው ነፋስ ብቻ ነው። የምትለምነውም የምትፈራውም አንድ ሆነ ማለት ነው። በበረታ ቁጥር እህልህ ይጠራል፣ በበረታ ቁጥር ዝናቡ ቀረበ።

"እንሸፍን!" አልኩ። ለራሴም ገረመኝ። ጭስ ነው ያልኩት ሰውዬ።

ሚስቴ ንፍሮ ይዛ መጥታ ነበር። ገበታውን መሬት ላይ አኖረችና የኔን ላይዳ አነሳች።

"ተይ" አልኳት። "ባገራችን ላይዳ የሴት አይደለም።"

"ረሃቡስ የማን ነው?" አለችኝ።

ሽማግሌዎቹ ወደ ጫማቸው አዩ። እሷ መበተን ጀመረች። ክንዷ ደርቆ እንጨት መስሎ ነበር፣ እብቁ ሽፋሽፍቷ ላይ ተከምሮ ሽበታም አሮጊት አስመሰላት። ጎረቤቴ ሁለተኛውን ላይዳ ያዘ። እኔ እያፈስኩ በማዳበሪያ ጆንያ አስገባለሁ፣ መምህሩ በጎረቤቴ አህያ ወደ ቤት ያመላልሳል። ማንም ወደ ሰማይ አላየም፤ ያየ ሰው እጁ ይደክማል። ግማሹን እንዳጠራን ነፋሱ ልክ በር እንደተዘጋበት ቀጥ አለ። ዝናብ የለ፣ በረዶ የለ። ዝም። የቀረውን ግማሽ ማናፈስ አልቻልንምና በሣርና ጎረቤቴ ከኩርሙክ ባመጣው ሸራ ሸፍነን ገባን።

እሁድ የባሰ ቀን ነበር። ምንም አልሆነም። ሰፈሩ ሁሉ ደጁ ላይ ተቀምጦ አንጋጦ ዋለ። አይሠራ፣ ገበያ አይሄድ። ጭሱ እንኳ ገለጥ ብሎ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ሆነ። አውድማ ለመውረድ ተነሳሁ፣ ነፋስ የለም፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ። በሕይወቴ ብዙ ተሸክሜያለሁ፣ ተቀምጬ የዋልኩበትን ያን ቀን ያህል ግን የደከመኝ ቀን የለም። ከሰዓት ላይ ፍርሃቱ ወደ ንዴት ተለወጠና ሁሉም በመምህሩ ላይ ዞረ፤ ሬዲዮው የሱ ነዋ።

"መምህር፣ በረዶህ የት ደረሰ? ኩርሙክ ኬላ ላይ ተያዘ እንዴ?"

"ላስቲኬን መልስልኝ መምህር!"

"አንዳንድ ቦታ ነው ያልኩት!" ይላል ምስኪን፣ መዳፉን በጨርቅ ጠምጥሞ። "ሊኖር ይችላል ነው ያልኩት!"

ሰኞ ጧት ሬዲዮው ደረቅ ነው አለ። ሰማዩም ደረቅ ነው አለ። የተሸፈነ እህል ደግሞ ያልበዋል፣ ከቆየ ይሻግታል። ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ ላስቲኩን ገፈፈ፣ ሣሩን አነሳ። እኔም ሸራውን ገለጥኩ። ማሽላው እንደ ታማሚ ግንባር ሞቆ ነበር፤ ሚስቴ በእጇ ዘረጋጋችው። ረፋዱ ላይ ነፋስ መጣ፣ ያው ከምዕራብ። "ነፋስ!" ብላ ላይዳውን አነሳች። ሦስቴ አልበተነችም። በረዶው ባዶ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ጠጠር እየተንጫጫ ከመንጌ በኩል መጣ።

እንቁላል አያህልም። ሎሚም አያህልም። የባቄላ ያህል ነው፣ ግን ከኋላው ጎርፍ ነበር። እኔና ጎረቤቴ ሸራውን በሁለት ጫፍ ይዘን ልናለብሰው ስንል ነፋሱ ነጥቆን አጥሩ ላይ ሰቀለው። ከዚያ ወዲያ የቻልነው ቆሞ ማየት ነው። እህሉ ከእብቁ ጋር እየተንሳፈፈ ወደ ቦዩ ወረደ። ከየአውድማው ሰው ሲጮህ ይሰማል። "ኧረ ቅዳሜ ነበር የተባለው!" ይላል አንዱ፣ በረዶው ቀጠሮ እንዳፈረሰ ሁሉ። በኋላ እንደሰማነው ከወንዙ ማዶ ጠብታ አልወረደም።

ሲያባራ ጎረቤቴ ውሃ እያንጠባጠበ አጠገቤ ቆመ።

"ውሃ ናት አላልኩህም?"

"ቅዳሜ ነው ያልከኝ።"

"ቅዳሜ ያለው ሬዲዮ ነው። እኔ ውሃ ናት ብቻ። ቀኗን አላህ ያውቃል፣ ያ ሐጅ።"

መምህሩ ደግሞ እስከ ተዛወረበት ጊዜ ድረስ ትንበያው በአንድ ቀን ብቻ ነው የሳተው እያለ ተከራክሮኛል። በአንድ ቀን! አህያ ገደል ስትገባ በአንድ እርምጃ ነው የምትስተው። እኔ አሁንም የሐሙሱ ጭስ ነበር እላለሁ። የሰኞው ሌላ ነው።

ቤት ስገባ ሚስቴ እርጥብ ልብሷን ሳትለውጥ ጓዳ ቆማለች። ጎተራውን ከፍታ እጇን እስከ ክንዷ አስገብታ ትለካለች። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። የጠፋው ግማሽ ነው፣ የገባውም ግማሽ ነው። እህሉ ካልገባ ብላ ነበር እንጂ ግማሹ ከገባ ስለሚሆነው ነገር ያወራነው የለም። ምን እንደምትል ስጠብቅ ያ የእሁዱ ድካም ተመለሰብኝ።

"እስከ ሰኔ ያደርሳል" አለች በመጨረሻ። "ከዚያ በኋላ በቆሎና ሥራሥር እንበላለን።"

"እናስ?" አልኳት።

"እናስ ምን? ግማሹ ቀርቶልሃል። እኔም ግማሽ ቀርቼልሃለሁ።"

ቋጠሮውን ከችካሉ አወረደችና ፈታችው። ደረቅ ቀሚሷን አወጣች፣ ሻሿን አወጣች። የቀረውን፣ የአገሯን ኩታና የእናቷን ዶቃ፣ መልሳ በዚያው ጋቢ ቋጥራ እንደ ድሮው ሰቀለችው።

ዳግመኛ አላወረደችውም። ከዚያ ወዲያ የመጣውን ምርት ሁሉ አየን፤ ሙሉ የገባበትም ዓመት ነበር። ቀሚሱ ተቀድዶ አልቋል፣ ሻሹም አልቋል። ቋጠሮው ግን አሁንም እዚያው ነው፣ ጥር ሲመጣ ጭሱን እየጠጣ ይጠቁራል። እህል ልቀዳ ስገባ አናቴን ይነካኛል። ዝቅ ብዬ አልፋለሁ።